አሚን ሊባልለት የነበረ ስህተት

ማክሰኞ

ወደ ሰሜን ወሎ የሄደ ሰው ሁሉ ላሊበላን አይቶ መጥቶ ነው የሚያወራው። እኔ ላሊበላን አላየሁም። ያየሁት የመርሳን መናኸሪያ፣ የወልድያን አንድ ፔንሲዮን፣ አንድ ግቢ ሙሉ ሰውና አንድ የማንጎ ዛፍ ነው። ጉብኝት ፈልጋችሁ የምታነቡ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ። የሄድኩት ለመምህሬ አንድ ነገር ልነግራቸው ነበር፤ ነገሩ ደግሞ በስልክ የሚነገር አልነበረም።

መምህሬ ዶክተር ይማም ይባላሉ። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሐብሩ ገብተዋል። ከመርሳ ከፍ ብላ ባለች መንደር ብርቱካንና ማንጎ ያለማሉ። የዶክትሬት ሥራዬን ግን አሁንም የሚያማክሩኝ እሳቸው ናቸው። ሥራችን ምን መሰላችሁ? ከፓላዲየምና ከመዳብ፣ ከሁለት ብረት በተሠራ ገጽ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ እንዴት እንደሚለጠፍ በኮምፒውተር እናሰላለን። ጋዙን ታውቁታላችሁ፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ የተኛን ሰው የሚገድለው እሱ ነው። ፓላዲየም ይሄን ጋዝ ሙጭጭ አድርጎ ይይዝና ሌሎች ጋዞችን እርስ በርስ የማዋሃድ ሥራውን መሥራት ያቅተዋል። መዳብ ግን አያያዙ ልል ነው። "ሁለቱን ብትቀላቅሏቸው ጋዙ ላላ ብሎ ይለጠፋል፣ ብረቱም አይታነቅም" ብለን ጻፍን። የውጭ አገር መጽሔት ተቀበለን። ለመመረቅ የሚያስፈልገኝ ጽሑፍ እሱ ነበር፤ የሚጠብቀኝ የመምህርነት ቦታም በዚህ ዓመት ከተመረቅኩ ብቻ የሚሰጠኝ ነበር።

ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው ስህተት መሆኑን ያወቅኩት።

ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ብረት አይሠራም። ጥቂት የአቶም ንብርብር ተደርድሮ እንደ ስስ ሰሌዳ ይሠራል። እኛ ቤተ ሙከራ ደግሞ መብራት መጥቶ ሳይቀመጥ ይሄዳል። ስለዚህ ዶክተር አንድ ደንብ ነበራቸው፦ ገጹን ለጥ አድርጊው፣ አቶሞቹን ባሉበት እሰሪያቸው፣ ስሌቱ መብራት ሳይጠፋ ያልቅልሻል። እኛ ዘንድ የመጣ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ይሄንን ነው፤ እንዲያውም እንኮራበት ነበር። በፋሲካ ሰሞን ግቢው ባዶ ሆኖ መብራት ሲሰነብት፣ እስቲ ብዬ ገጹን እርከን አበጀሁለት። አቶሞቹንም ፈታኋቸው። እውነተኛ ብረት ሜዳ አይደለማ! ደረጃ አለው፣ ጠርዝ አለው። ጋዙ ሲመጣ ፓላዲየሞቹ ከሥር ተነስተው ጠርዙ ላይ ተሰበሰቡና እንደ ንጹህ ፓላዲየም አጥብቀው ያዙት። መዳቡ ወደ ውስጥ ገባ። የጻፍነው በሙሉ ተገለበጠ።

የጽሑፉ የመጨረሻ እርማት እስከ ዓርብ ካልተላከ እንዳለ ይታተማል። ጽሑፉን ከመጽሔቱ ለማንሳት ደግሞ የሁለታችንም ስምምነት ያስፈልጋል። ደወልኩ። "ዶክተር፣ ስለ ጽሑፉ ጉዳይ ልመጣ ነው" ስላቸው "ነይ! ነይ! ብቻ ሐሙስን እንዳታልፊ!" ብለው በደስታ ጮኹና መስመሩ ተቋረጠ። ምን እንዳስደሰታቸው አልገባኝም።

እውነቱን ልናገር፣ "ተይው፣ ይታተም" እንዲሉኝ ነበር የምሄደው። እሳቸው ካሉ እኔ ምን አገባኝ?

ጎህ ሳይቀድ ላምበረት መናኸሪያ ደረስኩ። ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አቅፌ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ከአጠገቤ የተቀመጡት ሐራ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ ሴትዮ ናቸው። ደብረ ብርሃን ሳንደርስ የትውልድ ሐረጌን ጨርሰው፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተው ግማሹን እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። አዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ የማታውቀው ሰው ቆሎ ቢሰጥህ ትጠረጥራለህ። እዚህ ብትጠረጥር የምታፍረው አንተ ነህ።

"ምን ልትሠሪ ነው መርሳ?" አሉኝ።

ስለ ጋዙ ነገርኳቸው። ከሰል ስል ወዲያው ገባቸው።

"ታዲያ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ ፍም ሲሆን ማስገባት ነው እንጂ፣ ለዚህ ዶክተር ያስፈልጋል?" አሉ። ቆሎዬን ቆረጠምኩ።

ኬላ በመጣ ቁጥር ሁላችንም እንወርዳለን፣ እንፈተሻለን፣ እንሳፈራለን። ላፕቶፔን ሁሉም ፈታሾች አስከፈቱኝ። ከሚሴ ላይ ሙቀቱ አላበን፤ ደሴ ስንገባ ደግሞ ብርዱ አንዘፈዘፈን። ሴትዮዋ ከጥቅላቸው አንድ ጋቢ አውጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉና "ለሽያጭ ነው፣ እንዳታቆሽሺው" አሉኝ። ጋቢውን መልሼላቸው ደሴ አደርን። አልጋው ጥሩ ነበር፤ እኔ ነኝ እንጂ ያልተኛሁት። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አንዴ "ጽሑፉ ይነሳ" አንዴ "ይታተም" እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ነጋ።

ረቡዕ

ያ ያልተኛሁት እንቅልፍ ጠዋት በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ መጣ። ሐይቅን አይቻለሁ። ውጫሌ ላይ ሙዝ የሚሸጡ ሴቶች መስኮቱን ሲያንኳኩም ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ የማውቀው ረዳቱ ትከሻዬን ሲነቀንቀኝ ነው።

"እህቴ፣ ደርሰናል!"

"መርሳ?"

"የምን መርሳ! ወልድያ ነው እንጂ። መርሳ ላይ 'ወራጅ አለ?' ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኬያለሁ። አንቺን የሚቀሰቅስ መድፍ ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፤ እንባዬ ነው የመጣው። ወዲያው ልመለስ ብል ኬላው ተዘግቷል፣ እስከ ነገ የሚንቀሳቀስ መኪና የለም ተባልኩ። "ለምን ተዘጋ?" ብዬ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ሰማዩን አየ። መኪና ሲቆም ለምን ብሎ የሚጠይቅ ከእንግዳ በቀር የለም።

ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ፔንሲዮን አገኘሁ። ቦርሳዬን ስፈታ የላፕቶፑ ቻርጀር የለም! ደሴ፣ አልጋው አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰክቼው መጥቻለሁ። ማስረጃዬ በሙሉ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ ባትሪው ደግሞ ሊያልቅ ነው። ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ።

"ልጄ፣ ምነው እንቁላል እንደያዛት ዶሮ ተንቆራጠጥሽ?" አሉኝ የፔንሲዮኑ ባለቤት፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው ዜማ ያለው ሴት።

ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አጣፉና "ተከተይኝ" አሉ። የወልድያን ኤሌክትሮኒክስ ቤት ሁሉ አብረን ዞርን። ስልክ የሚጠግነውን፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳውን፣ ቴፕ የሚሸጠውን አንድ በአንድ ጠየቅን። እያንዳንዱ ቤት ገብተው መጀመሪያ ስለ ባለቤቱ እናት ጤና፣ ከዚያ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ በመጨረሻ ስለ ቻርጀሩ ይጠይቃሉ። እኔ ጥርሴን እያፋጨሁ እጠብቃለሁ። አዲስ አበባ ቢሆን "የዚህ ቻርጀር አለ? የለም" ተባብለን በቃ ነበር። ወልድያም የለም ነው መልሱ፤ ብቻ "የለም" ለመባል ቁጭ ማለት አለብህ።

ተመልሰን ስንመጣ እዚያው ፔንሲዮን የሚኖር አንድ የኮሌጅ መምህር ክፍሉ ደጃፍ ላይ ፈተና ያርማል። ሴትዮዋ ነገሩን ዘርዝረው ሳይጨርሱ ተነስቶ ቻርጀሩን አመጣ። ገባ! ልክ ገባ።

"ውሰጂው" አለኝ።

"እንዴት አድርጌ እመልሰዋለሁ?"

"ከመርሳ ወልድያ የማይመላለስ ሹፌር የለም፤ ላንዱ ስጭው። 'የፔንሲዮኑ መምህር' ካልሽው ያውቀኛል።"

ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም። እኔ ብሆን እሰጠው ነበር? አይመስለኝም።

ማታ ሽሮ በላሁ፤ ረቡዕ ነውና ጾም ነበር። ኔትወርክ ለጥቂት ጊዜ መጣና የመጽሔቱ መልእክት ገባ፦ ዓርብ የመጨረሻው ቀን መሆኑን እናስታውሳለን። ለዶክተር ደወልኩ። ወልድያ መሆኔን ስነግራቸው ሳቃቸው ስልኩን ነቀነቀው።

"አብሽሪ! ነገ ከምሳ በፊት ከደረሽ ይበቃል። ሰው ሁሉ አንቺን ነው የሚጠብቀው።"

"የምን ሰው? ዶክተር፣ ጽሑፉ ላይ አንድ ችግር..."

"ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም..." ተቋረጠ። እሳቸው ባይሰሙ እኔ ቀለለኝ፤ ስለቀለለኝ ደግሞ ራሴን ተናደድኩበት።

ሐሙስ

ጠዋት ኬላው ተከፈተ። ከወልድያ ወደ ደቡብ ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ሲሪንቃ ላይ ሰው ሊወርድ ስንቆም የግብርና ምርምር ማዕከሉን የሙከራ ማሳዎች በመስኮት አየኋቸው። በመደዳ በመደዳ ተከፋፍለው፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ትንሽ ታፔላ ተተክሎለታል። ቀናሁባቸው። የነሱ ስህተት ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ መንገደኛ ሳይቀር "ይሄ አልያዘም" ሊል ይችላል። የኔን ግን ከኔ በቀር ያየው ሰው አልነበረም።

መርሳ ላይ ዓይኔን አፍጥጬ ወረድኩ። የፓፓያና የማንጎ ክምር፣ ባጃጅ፣ አቧራ፣ ጩኸት። "ዶክተር ይማም ቤት" ስለው የባጃጁ ሹፌር ፊቱ በራ። "አንቺ ነሽ እንዴ ባለጽሑፏ?" አለኝ። ይሄ ሰው ስለ ጽሑፌ በምን አወቀ?

ግቢው በር ላይ ስደርስ ገባኝ። ዳስ ተጥሏል። ከዳሱ ሥር ምንጣፍ ላይ ሽማግሌዎች ተደርድረዋል፣ ጫት ከፊታቸው ቀርቧል። ሴቶች ከወዲያ በኩል ትልልቅ ድስት ዙሪያ ይራወጣሉ። ዶክተር ነጭ ጀለቢያ ለብሰው እየሮጡ መጡ፤ በጡረታ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

"እሰይ! እሰይ! ባለጽሑፏ መጣች!"

"ዶክተር፣ ምንድነው ይሄ?"

"ሰደቃ ነዋ! ጽሑፋችን ተቀባይነት ላገኘበት ምስጋና። 'ስለ ጽሑፉ ልመጣ ነው' ስትይኝ ጊዜ እንግዲያ አንቺ ባለሽበት ይሁን ብዬ አዘገየሁት።"

ለብቻ ላናግርዎት ብል ማን ይሰማኛል! ሚስታቸው እትዬ ዘሀራ አንገቴን አቅፈው ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ፣ ጫማዬን አስወለቁኝ፣ ውሃ አስመጡ። ከዚያ ወደ አንድ ጥግ ወስደው ለብቻው የተከደነ ድስት አሳዩኝ።

"ያንቺን እንዳትሰጊ የኔ እናት። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ናት በራሷ ቤት፣ በራሷ ድስት የሠራችው። ዶሮውን የባረከውም ባሏ ነው።"

ጎረቤቲቱ ከኋላቸው ቆማ በኩራት ፈገግ አለች። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን የምንኖር ሰዎች አንዳችን የሌላውን ጾም አናውቅም። እነዚህ ግን አንዲት የማያውቋት ልጅ እንዳትቸገር ሁለት ቤት እሳት አንድደዋል። እኔ ለነሱ ይዤ የመጣሁትን እያሰብኩ ዶሮውን ከጥግ ወደ ጥግ ገፋሁት። "ብዪ እንጂ! ምነው፣ አልጣመሽም?" ይላሉ እትዬ ዘሀራ። "ጥሞኛል" እላለሁ። ጥሞኝም ነበር። ማንም ለምን እንደመጣሁ አይጠይቀኝም፤ እንግዳ ሳይበላ ጉዳዩ አይጠየቅም። ደግሞ ምን ይጠይቁኛል? የሚያውቁ መስሏቸዋል።

ከምሳ በኋላ ዱአ ተጀመረ። ጀማውን የሚመሩት ሼህ እንድሪስ ናቸው። ቀጭን፣ ጢማቸው የነጣ፣ ድምፃቸው ግን የጎልማሳ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። "እስቲ ሀጃ ያለው ሀጃውን ያውጣ" አሉ። ሀጃ ማለት በልብ ያለ ጉዳይ ነው፤ ባለጉዳዩ ለጀማው ይናገራል፣ ሼሁ ዱአ ያደርጉለታል፣ ሰዉ ሁሉ አሚን ይላል። አንዱ አረብ አገር ስላለች ልጁ አወጣ። አንዷ ስለ ወገቧ ሕመም። አንዱ ማሽላው እስኪያፈራ ዝናቡ እንዳይቋረጥበት። "አሚን! አሚን!" ይላል ዳሱ።

"የአዲስ አበባዋ እንግዳችንስ?" አሉ ሼሁ። "ሀጃሽ ምንድነው ልጄ?"

አፌን ከመክፈቴ ዶክተር ቀደሙኝ። "የሷማ የታወቀ ነው ሼሃችን! ጽሑፋችን ባሕር ማዶ ሊታተም ነው፤ እሷም በሱ ልትመረቅ ነው። ዛሬ የታረደውስ ለዚሁ አይደል?"

"ማሻአላህ!" ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰዉም ሁሉ ዘረጋ። "ያ ረቢ፣ የጻፉትን አሳምርላቸው፣ ስሙን ከፍ..."

"ቆዩ!" አልኩ።

ዱአ አቋረጥኩ! ከኋላዬ አንድ ሰው "አዑዙ ቢላህ" ሲል ሰማሁ። እትዬ ዘሀራ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ግን ምን ላድርግ? ያ ሁሉ ሰው በንጹህ ልቡ ለውሸት አሚን ሊል ነው፤ ያንን ደግሞ ቁጭ ብዬ ልሰማ አልቻልኩም።

"ሀጃዬ እሱ አይደለም" አልኩ። "ሀጃዬ ጽሑፉ እንዳይታተም ነው።"

"ምን አልሽ?" ዶክተር ከተቀመጡበት ተነሱ።

ሼህ እንድሪስ እጃቸውን ሳያወርዱ ወደ እሳቸው ዞሩ። "ይማም፣ ተቀመጥ። ሀጃውን የሚያወጣ ሰው አይቋረጥም። ይሄን ደንብ አንተ አታውቀውም?"

ዶክተር ተቀመጡ። ደንቡ ባይኖር ኖሮ ያቋርጡኝ ነበር፤ እኔም ይቅርታ ጠይቄ ወደመጣሁበት እመለስ ነበር። አሁን ግን ያ ሁሉ ሰው እጁን እንደዘረጋ ዝም ብሎ እስክጨርስ ይጠብቀኛል።

"እኔና ዶክተር" አልኩ፣ "ስለ አንድ መሬት ጻፍን እንበል። መሬቱን ሜዳ ነው ብለን፣ ድንጋዩም አፈሩም ካለበት አይነቃነቅም ብለን ነው የጻፍነው። እናንተ እርከን ላይ ነው የምታርሱት። ውሃ ሲመጣ እርከኑ ጠርዝ ላይ ምን እንደሚሆን ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የኛም ብረት እርከን አለው። ጋዙ ሲመጣ ከሥር ያለው ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ያለው ይገባል። ይሄን ያየሁት ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው። የጻፍነው ልክ አይደለም። ከታተመ ሌላው አምኖት በሱ ላይ ይሠራል። ካልታተመ እኔ ዘንድሮ አልመረቅም፣ ሥራውም ይቀርብኛል። እስከ ነገ መወሰን አለብን። ሀጃዬ ይሄው ነው።"

ፍየል ስትጮህ ይሰማል።

ሼሁ ጢማቸውን ዳበሱ። "የብረቱ ነገር ገባኝም አልልሽ፣ አልገባኝም አልልሽ" አሉ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ነው የሚባለው። ያ ረቢ፣ የጠመመውን አቅናላቸው። ለሁለቱም ቀልብ ስጣቸው። የሚጎዳቸው ከሆነም ጉዳቱን አቅልልላቸው።"

"አሚን!" አለ ዳሱ። ዶክተር አላሉም። ሁሉም እጁን ፊቱ ላይ ካሳለፈ በኋላ፣ ዘግይቶ፣ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ "አሚን" ሲል ሰማሁ። እሳቸው ነበሩ።

"ያንን ላፕቶፕ ይዘሽ ነይ" አሉኝ።

ከብርቱካኑ ማዶ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ፊታቸው እንደ ተቆለፈ በር ነው። ካወቅኳቸው ጀምሮ እንደዚያ ጨክነው ሲጠይቁኝ አላየሁም። የጋዙን መጠን ለወጥሽ? ለወጥኩ። መዳቡን ከላይ አድርገሽ ጀምረሽ አየሽው? አየሁት፤ እሱም ገባ። ጠርዙን በሌላ አቅጣጫ ቆረጥሽው? ቆረጥኩት። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ሰኩ።

"ሰሌዳው ስንት ንብርብር ነው?"

"አራት።"

"አራት ብቻ?! በስስ ሰሌዳ እርከን ሠርተሽ? እንግዲያ ምኑ ተረጋገጠ! ወፍራም ብታደርጊው ላይገለበጥ ይችላል!"

ዓይናቸው በራ። ያፈርኩበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ የኔም ዓይን በራ። እንደዚያ ቀን የሚያስደስት ስህተት ሠርቼ አላውቅም። ገና አልተረጋገጠማ! ይታተም፣ ልመረቅ፣ ከዚያ ቀስ ብለን እናጣራዋለን። ሁለታችንም ፈገግ ብለን ተያየን። እትዬ ዘሀራ ፈገግታችንን ከሩቅ አይተው "ታረቁ!" ብለው ለሴቶቹ ሲናገሩ ሰማኋቸው።

ዶክተር ፈገግታው ሳይጠፋላቸው እንደገና ስክሪኑን አዩት። ጋዙ ሜዳው ላይና ጠርዙ ላይ የተያዘበትን የኃይል ልዩነት በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ሄደ።

"ልዩነቱ ትልቅ ነው" አሉ።

"አዎ።"

"ሰሌዳው ቢወፍር ትንሽ ይቀንስ ይሆናል። አይገለበጥም። አንቺም ታውቂዋለሽ አይደል?"

"አውቀዋለሁ።"

"ራሴን ላታልል ነው እንዴ በስተርጅና?" ላፕቶፑን ከደኑት። "እሰሪያቸው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ለስንት ተማሪ ነው እሰሩ ስል የኖርኩት! መብራት ሊጠፋ ነው እያልኩ። ደብዳቤው ላይ እንደዚያ ብለሽ ጻፊ፤ ደንቡ የኔ ነው፣ ስህተቱም የኔ ነው።"

"ዶክተር፣ ሥራው የሁለታችን..."

"አንቺ ገና ብዙ ትጽፊያለሽ። እኔ ይሄ የመጨረሻዬ ነበር።" ብርቱካኑን እያዩ ነው የተናገሩት። "ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው የነበረ መጽሔት ነው፣ ታውቂያለሽ? ሦስቴ መልሰውብኛል።"

ያኔ አለቀስኩ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ስጨነቅ የመጣሁት ስለ ራሴ ነበር፤ ስለ ምርቃቴ፣ ስለ ሥራዬ። እሳቸው ምን እንደሚያጡ አንድም ጊዜ አላሰብኩም።

ደብዳቤውን አብረን ጻፍን። "ስህተቱ የሁለታችን ነው" የሚለውን እኔ አስገባሁት፤ ሰረዙት፤ እንደገና አስገባሁት፤ ተዉኝ። ከዚያ ተነስተው ወደ ዳሱ ሄዱና ቆመው ለጀማው ተናገሩ። "ልጅቱ ልክ ናት። ጽሑፉ አይታተምም።" ሌላ ቃል አልጨመሩም።

"ታዲያ ሰደቃው?" አለ አንድ ሰው።

"የበላኸውን ልትመልስ ነው?" አሉት ሼህ እንድሪስ፤ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተርም ሳቁ፣ ግማሽ ሳቅ።

እትዬ ዘሀራ ማታ አልጋዬን እያነጠፉልኝ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ ለራሳቸው። እኔን ይሁን ባላቸውን አልጠየቅኳቸውም።

ዓርብ

መንደሩ ውስጥ ኢንተርኔት የለም፤ ደብዳቤውን ለመላክ መርሳ መውረድ ነበረብን። ዶክተር ከጁምዓ በፊት እመለሳለሁ ብለው አብረውኝ ባጃጅ ተሳፈሩ። እትዬ ዘሀራ ብርቱካን በማዳበሪያ ሞልተው እግሬ ሥር አስገቡ። "ይሄን ሁሉ ምን አደርገዋለሁ?" ስል "እናት የለሽም?" አሉኝ።

መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ሱቅ ደጃፍ ኔትወርክ ይይዛል ተባልንና እዚያ ቆምን። የመምህሩን ቻርጀር ወልድያ ለሚሄድ ሹፌር ሰጠሁት። ሳልጨርስ "የፔንሲዮኑ መምህር" ብሎ ራሱ ጨረሰልኝ። ስልኬ ላይ ደብዳቤውን ከፍቼ ለዶክተር አቀበልኳቸው፤ መጀመሪያ የተጻፈው የሳቸው ስም ስለሆነ እሳቸው ቢልኩት ይሻላል ብዬ ነው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ቀረ። ቆየ።

"እንቺ፣ አንቺ ንኪው" አሉ። "እጄ እምቢ አለኝ።"

ነካሁት። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ሄደ።

"አልሃምዱሊላህ" አሉና የሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። ባለሱቁን ውሃ ጠየቁት። ያን ጊዜ ነው እንዳረጁ ያየሁት። ረዳቱ "ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!" ይላል።

"ሂጂ፣ ጥሎሽ ይሄዳል" አሉኝ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት አየኋቸው። አልተነሱም። ወደኛም አይመለከቱም፤ መሬት መሬት እያዩ በጣታቸው የሆነ ነገር ይቆጥራሉ። ሽማግሌውን ደረጃ ላይ ጥዬ የሄድኩ መሰለኝ፤ "አውርዱኝ" ልል ምንም አልቀረኝ።

ውርጌሳ ሳንደርስ ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። አመማቸው ብዬ ደነገጥኩ።

"ማህሌት" አሉ፣ ሰላምታ እንኳ የለም። "ወፍራሙን ሰሌዳ ስንሠራው ስድስት ንብርብር ይበቃናል?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አደረግኩት።

"ሃሎ? ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማለሁ ዶክተር። ስምንት ይሻላል። አንዱንም ሳናስር።"

"ስምንት? ዓመት ይፈጅብናል እኮ!"

"ይፍጅ።"

ከኋላቸው ሙአዚኑ ለጁምዓ ሲጣራ ይሰማል፤ ሊዘገዩ ነው። ሰጋጁ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ ጫማ ሲጎተት፣ አንድ ሰው በስማቸው ሲጠራቸው ይሰማኛል።

"ይፍጃ!" አሉ።